«ሐፒ»ን የባሌ አባት ፊት ስፈታ

እናንተ ፈተና ፈራን ትላላችሁ፤ የኔን ስሙኝማ። ቡታጅራ በተዳርኩ በዓመቱ ትምህርት ቤት ገባሁ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ «በወላጆች በዓል ተጠይቃ ካልመለሰች ወደ እንሰት ፍቂያዋ ትመለስ» ብለዋል። ቀኑ ደረሰ። እሳቸው ከፊት ተቀምጠዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ አቆሙኝና «እስቲ እመቤት፣ ሐፒ ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ።

መልሱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን አማቴ፣ ዛሬ ነፍሳቸውን ይማረውና ልጥራው፣ ደስታ ይባላሉ። በእኛ ዘንድ ምራት የአማቷን ስም ቀርቶ ስሙ ያለበትን ቃል ከጠራች ትልቅ ነውር ነው። በሌላ ቃል ላምልጥ ብል፣ ፍሥሐ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ተድላ ደግሞ አያቱ። አማርኛውን ሁሉ የባሌ ዘመዶች ተከፋፍለው ጨርሰውታል። ላቤ ወርዶ እንግዶቹን ጠርጎ ሊወስዳቸው ምንም አልቀረው።

«አታውቂውም ማለት ነው?» አሉ መምህሩ።

«አውቀዋለሁ፣ መምህር። ሐፒ ማለት አሁን እኔ ያልሆንኩት ነው።»

አማቴ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። አለቀልኝ አልኩ።

«መምህር፣ ያሳልፏት» አሉ። «ስሜን ሳትጠራ ተርጉማኛለች።»