ትርጉሙን ሳላውቅ የሸመደድኳት ዘፈን

ወደ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አይተዋወቁም። አንዷ ናርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ የምትሠራ ወጣት ነች፤ ሌላዋ ጅቡቲ ብዙ ዓመት እንደኖሩ የነገሯት ትልቅ ሴት ናቸው።

«ፈረንሳይኛ ይሰማሉ ማለት ነው? እስቲ ይቺን ዘፈን ያዳምጡልኝ» አለችና የሲዲ ማጫወቻዋን ሰጠቻቸው።

«ጊታር ብቻ ነው ያለው። ድምፁ ሆድ ያባባል። ከየት አገኘሽው?»

«የምንከባከባት አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ነበረች። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶባታል። ባሏ መሞቱን ረስታ ስሙን እየጠራች ታለቅሳለች።»

«እኔን!»

«መዝሙር ብዘምርላት እንቢ አለች። ከሲዲዎቿ መሃል ይቺን አገኘሁና ትርጉሙን ሳላውቅ ሸመደድኳት። ስዘፍንላት ጸጥ ትላለች፤ እጄን ጭብጥ አድርጋ ታየኛለች። ምንድን ነው የሚለው?»

ሴትዮዋ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወጡ።

«ተዪው፣ ልጄ።»

«ኧረ ይንገሩኝ።»

«ለሚስቱ ነው የሚዘፍነው። አትጠብቂኝ፣ ሌላ ወድጃለሁ፣ ወዳንቺ አልመለስም ነው የሚላት።»

«ሦስት ወር ሙሉ ዘፈንኩላት እኮ!»

«አላወቅሽማ።»

«እሷ ግን ቋንቋዋ ነው፤ ትርጉሙን ትሰማ ነበር። እኔ የተጽናናች መስሎኝ…»

«በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ዝፈኚላት።»

«ቅዳሜ አረፈች። ነፍሷ ስትወጣም ይቺኑ ነበር የምዘፍንላት።»

መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፌርማታ ከሄድኩ በኋላ ነው አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ የሳብኩት።