ግመሉ ከገበያ አልወጣም

(ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ከቤቷ ሆና የምትሠራው የቦንድ ነጋዴ ትርሲት ላፕቶፗን እንደተከፈተ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከደጃፉ ጎረቤቷ ጋሽ እንዳሻው፣ በፊት የባቢሌ ገበያ የግመል ደላላ፣ ዛሬ የዕድሩ ሰብሳቢ።)

ጋሽ እንዳሻው፦ ለባዳ ከምትሸጪው ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ጎረቤት እኮ ይቀድማል!

ትርሲት፦ ምኑን ነው የሸጥኩት ጋሼ?

ጋሽ እንዳሻው፦ ቤቱን ነዋ! ሁለት ቀን ሙሉ በግድግዳው በኩል «ሸጥኩ!»፣ «ጨምር!»፣ «በዚህ አልሰጥም!» ስትዪ ነው የዋልሽው። ትናንትማ ምሳዬን ትቼ ነው የሰማሁሽ።

ትርሲት፦ ጆሮዎን ግድግዳው ላይ ለጥፈው?

ጋሽ እንዳሻው፦ ግድግዳው ነው ጆሮዬ ላይ የተለጠፈው። ስታስነጥሺ ይማርሽ የምልሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?

ትርሲት፦ ቤት አይደለም የሸጥኩት፣ ቦንድ ነው። የጠርሙስ ፋብሪካው ቦንድ። ያ ለዕድሩ ግዙ ያልኳችሁ።

ጋሽ እንዳሻው፦ እሰይ! እሱንማ ብዬ ነው የመጣሁት። ይኸው የግዢው ደብዳቤ፣ ማኅተም ያረፈበት። ኮሚቴው በሙሉ ፈርሟል። ወይዘሮ አስካለ ብቻ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው አስቸግረው ነበር፤ በአንቺ ስም ነው ያሳመንኳቸው።

ትርሲት፦ በእኔ ስም?

ጋሽ እንዳሻው፦ «የትርሲት እጅ ያለበት ነገር ንጹህ ነው» አልኳቸው። ምነው፣ ፊትሽ ጠቆረ?

ትርሲት፦ ደክሞኝ ነው። ከአሥራ ሰባት ጋር ስጨቃጨቅ።

ጋሽ እንዳሻው፦ እሱ ደግሞ ማነው?

ትርሲት፦ እኔ በምን አውቄ! እኛ ቦንድ ነጋዴዎቹ እርስ በርስ የምንገበያየው በዚህ ስክሪን ላይ ነው። ስም አይታይም፣ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ አርባ ሁለት ነኝ፣ እሱ አሥራ ሰባት ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ ጉድ እኮ ነው። እኛ ባቢሌ ላይ እጃችንን ፎጣ አልብሰን፣ ከፎጣው ሥር ጣት ለጣት ተያይዘን ነበር የምንዋዋለው። አንድ ጣት ስትጨብጪ ይህን ያህል፣ መዳፍ ስትጨብጪ ያን ያህል። የሚደበቀው ዋጋው ነበር፤ ሰውየውማ ላቡን እያንጠባጠበ ፊት ለፊትሽ ነው። እናንተ ገለበጣችሁት። ዋጋውን አደባባይ አሰጣችሁ፣ ሰውየውን ፎጣ አለበሳችሁት።

ትርሲት፦ ይኼ ይሻላል ተብሎ ነዋ! ማን መሆኑ ካልታወቀ አድልዎ የለም፣ መሞዳሞድ የለም።

ጋሽ እንዳሻው፦ ተብሎ። እና አሥራ ሰባት ምን አደረገሽ?

ትርሲት፦ አለቃዬ «ይህን ቦንድ አንቀሳቅሺው» አለኝ። ትናንት ጠዋት የሺህ ብሩን ወረቀት በሺህ አምስት ገዛሁ። የሸጠልኝ አሥራ ሰባት ነው። ከሰዓት በሺህ ሃያ አቀረብኩ፣ ራሱ መልሶ ገዛኝ። በሺህ ሠላሳ አምስት መልሶ ሸጠልኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን አሁን ሺህ ስልሳ አምስት ደርሰናል።

ጋሽ እንዳሻው፦ ሌላ ገዢስ?

ትርሲት፦ የለም።

ጋሽ እንዳሻው፦ ሌላ ሻጭ?

ትርሲት፦ የለም አልኩዎ፣ አሥራ ሰባት ብቻ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ታዲያ ግመሉ ከገበያ ወጣ?

ትርሲት፦ የምን ግመል?

ጋሽ እንዳሻው፦ ልጄ፣ የተሸጠ ግመል ከገበያ ይወጣል። ወይ ይታረዳል፣ ወይ ይጫናል። እዚያው ችካሉ ላይ ታስሮ በሁለት ቀን አምስት ጊዜ ከተሸጠ ገዢ የለውም ማለት ነው። የአንድ ቤት ደላሎች ናቸው የሚጯጯሁት። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይምላል፤ ዳር ቆሞ የሚያየው ባላገር «አቤት ተፈላጊነቱ!» ብሎ መቀነቱን ይፈታል።

ትርሲት፦ ይኼ ባቢሌ አይደለም ጋሼ። ሕግ አለ፣ ተቆጣጣሪ አለ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ባቢሌም ላይ ቀበሌ ነበር። ይልቅ የሰውየውን እጅ ንገሪኝ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። በስንት በስንት ነው የሚጨምረው?

ትርሲት፦ በአሥራ አምስት፣ በአሥራ አምስት።

ጋሽ እንዳሻው፦ አንቺስ?

ትርሲት፦ እኔም በአሥራ አምስት። አለቃዬ ነው እንደዚያ ያለኝ።

ጋሽ እንዳሻው፦ ዝም የሚለውስ መቼ ነው?

ትርሲት፦ ዝም አይልም። ትናንት ብቻ፣ መስመር ሲቋረጥ። እኔ የምገባው በቢሮው መስመር ነው፤ እሱ ሲቋረጥ ሃያ ደቂቃ ጠፋሁ። ስመለስ አሥራ ሰባትም ገና መመለሱ ነበር። እሱም ሃያ ደቂቃ...

ጋሽ እንዳሻው፦ ቀጥዪ።

ትርሲት፦ የተቋረጠው የእኛ ቢሮ መስመር ነው። የእኛ ብቻ።

ጋሽ እንዳሻው፦ እህ።

ትርሲት፦ ሁለት ቀን ሙሉ ከራሳችን ቢሮ ጋር ነው ስከራከር የዋልኩት! ትፍ! ቀፈፈኝ ጋሼ፣ የእውነቴን ነው አቅለሸለሸኝ። እጄን ልታጠብ።

ጋሽ እንዳሻው፦ በምን ውሃ? የኛ ብሎክ ተራ ሐሙስ ነው።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ የጎበዝኩ መስሎኝ! ትናንት ለእናቴ ደውዬ «አንድ ኃይለኛ ነጋዴ ረታሁ» አልኳት እኮ።

ጋሽ እንዳሻው፦ የረታሽው አለቃሽን ነው። ደመወዝ ጨምርልኝ በዪው።

ትርሲት፦ አይቀልዱ! ይኸው አሁን የጻፈልኝ፦ «የመዝጊያ ዋጋውን ሺህ ስልሳ አምስት ብለሽ እስከ አሥር ሰዓት አጽድቂ። ነገ አዲስ ገዢ አለን።» ገዢው ማን እንደሆነ ገባዎት?

ጋሽ እንዳሻው፦ ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፣ እንዴት አይገባኝ።

ትርሲት፦ ነገ በዚህ ዋጋ ትገዛላችሁ፤ እነሱ ሸጠው ይወጣሉ። ከነገ ወዲያ አሥራ ሰባት የሚባል የለም። ያኔ እንሽጥ ብትሉ ማን ይገዛችኋል? የድንኳን ገንዘብ! የሬሳ ሳጥን ገንዘብ! ከሙት ላይ ከፈን መግፈፍ ነው እኮ። ሰው ይህን ያደርጋል?

ጋሽ እንዳሻው፦ ያደርጋል። እኔ አድርጌዋለሁ።

ትርሲት፦ እርስዎ?

ጋሽ እንዳሻው፦ ማን ይናገር የነበረ። አንድ ባላገር ለልጁ ሠርግ ግመል ፈልጎ መጣ። እኔና ወንድሜ የማንተዋወቅ መስለን በአንድ ግመል ስንጣላ ዋልን። ሰውየው ጥርሱ ያለቀ ግመል በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ፣ እኛን መርቆ ሄደ።

ትርሲት፦ መርቆ?

ጋሽ እንዳሻው፦ «ግመሉን ስለለቀቃችሁልኝ» ብሎ።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

ጋሽ እንዳሻው፦ ከዚያማ ቁርጥ በላን።

ትርሲት፦ አላቅለሸለሸዎትም?

ጋሽ እንዳሻው፦ ያን ቀን ጣፈጠኝ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት ግን ፎጣ ባየሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። በነፃ የዕድር ሰብሳቢ የሆንኩት ሥራ አጥቼ መሰለሽ?

ትርሲት፦ የኔ አለቃ አንድ ቀንም አያቅለሸልሸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ነው የሚለው፣ ያውም በስብሰባ ላይ።

ጋሽ እንዳሻው፦ እንግዲያው አጽድቂለታ።

ትርሲት፦ ምን?

ጋሽ እንዳሻው፦ እኔ ደብዳቤዬን ይዤ እመለሳለሁ፣ ዕድሩ ይተርፋል። አንቺም ከሥራሽ አትፈናቀዪም። ነገ ሌላ ባላገር ይመጣል።

ትርሲት፦ እየፈተኑኝ ነው?

ጋሽ እንዳሻው፦ ዋጋውን እየነገርኩሽ ነው። ያለ ፎጣ።

ትርሲት፦ የዚህ ቤት የባንክ ዕዳ የሚከፈለው በዚህ ደመወዝ ነው። ገና አሥራ አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ጋሽ እንዳሻው፦ አውቃለሁ። ግድግዳው ነግሮኛል።

ትርሲት፦ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሆነ። ይኸው፣ «አጽድቅ» ይላል፤ ከጎኑ «አልቀበልም» ይላል። እኩል በእኩል አድርገው ነው የጻፏቸው፣ ልዩነት የሌላቸው ይመስል።

ጋሽ እንዳሻው፦ እጅሽ ምን ይላል?

ትርሲት፦ ይኸው... ነካሁት። «አልቀበልም» የሚለውን። ምክንያት ጻፊ እያለኝ ነው።

ጋሽ እንዳሻው፦ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ትርሲት፦ «አሥራ ሰባትና አርባ ሁለት አንድ ቤት ናቸው። ግመሉ ከገበያ አልወጣም።» በቀጥታ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ይደርሳል፤ ከአሁን በኋላ መሰረዝ የለም።

ጋሽ እንዳሻው፦ የግመሉ ነገር ይገባቸዋል ብለሽ ነው?

ትርሲት፦ ስልኬ! እሱ ነው፣ አለቃዬ። ጋሼ፣ ምን ልበለው?

ጋሽ እንዳሻው፦ የፈለግሽውን በዪው። ብቻ ቤቱ የሚሸጥ ከሆነ ቀድሜ እንደጠየቅኩሽ አትርሺ።