የጋሽ ነጎድጓድ አስተያየት

የሙያ ጓደኞቻቸው «ጋሽ ነጎድጓድ» ይሏቸዋል፤ ስሙም በከንቱ አልወጣላቸውም። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፉ የሸበቱ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ፕሮግራም ስለሚሠራበት አንድ መሣሪያ አስተያየት ሲሰጡ ግን ወይ ሰማይ ላይ ይሰቅሉታል፣ ወይ እንጦርጦስ ያወርዱታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዓይናቸውን ተመርምረው መነጽር ቤት ተራ ሲጠብቁ፣ የእህታቸው ልጅ የተሰበረ መነጽሯን ይዛ ገባች። እሷም ፕሮግራመር ናት። ሰላም ተባብለው ሲያበቁ ፊቷ አላማራቸውምና ምን እንደሆነች ጠየቋት። ለአንድ ክሊኒክ የሕሙማን ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ ስትሠራ ከርማ ሊያልቅላት ሲል፣ አለቃዋ የተሠራበት መሣሪያ ክፉ ነውና አፍርሰሽ በሌላ ጀምሪ ሊላት ነው። ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ላይ ይጸድቃል።

«የማንን ወሬ ሰምቶ ነው?» አሉ፣ ሊሟገቱላት ቆርጠው።

«የእርስዎን፣ ጋሼ» አለችና ኢንተርኔት ላይ የጻፉትን ከስልኳ አሳየቻቸው። «ይህን መሣሪያ የነካ እጅ ይቆረጥ፤ መርዝ ነው፣ ለምንም አይረባ» ይላል። ስንትና ስንት ሰው ወዶታል።

ጋሽ ነጎድጓድ ደነገጡ። ይሁን እንጂ ሽማግሌ በአንድ ቃል እጁን አይሰጥም። ሳይጋነን የተጻፈ ነገር ማንም አያነብም፣ ቀንሶ መረዳት የአንባቢው ፈንታ ነው ሲሉ ተከራከሩ።

«አለቃዬ ግን አልቀነሰም» አለች። «ለመሆኑ መሣሪያው ምን አደረገዎት?»

«ትልቅ ፋይል በአንዴ ሳስገባበት ተንቀረፈፈና ቆመ። ጥቂት በጥቂት ሲመዘግብማ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ምንም እንከን አይወጣለትም።»

«የእኛ ክሊኒክ ቀጠሮ የሚመዘግበው አንድ በአንድ ነው እኮ።»

ቀጥላም ድምጿን ለስለስ አድርጋ፣ ቅድም ለዓይን ሐኪሙ ምን ብለው እንደነገሩት ጠየቀቻቸው።

«የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል፣ የሩቁ ደህና ነው አልኩት።»

«ዓይኔ ጠፍቷል፣ ምንም አላይም ቢሉትስ ኖሮ?»

«ታዲያ የትኛውን መነጽር ያዝዝልኝ ነበር?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው።

ማጋነን ለጨዋታ ማጣፈጫ ነው፤ ማን ይከለክላል? ሰው የሥራ መሣሪያውን ሊመርጥበት በሚያነበው ምክር ላይ ሲጨመር ግን የሌላውን ልፋት ገደል ይከታል። ይህ የገባቸው ጋሽ ነጎድጓድ እዚያው ወንበር ላይ ስልካቸውን አውጥተው ጽሑፋቸውን አረሙ። ምን ሲሠሩ እንደቆመባቸው፣ የቱ ላይ ጥሩ እንደሆነ፣ የፊተኛውም ቃላቸው ከልክ ያለፈ እንደነበር በግልጽ አሰፈሩ።

ከሰዓት በኋላ ደወለችላቸው። አለቃዋ ያሳየችውን አዲሱን ጽሑፍ አንብቦ ሥራው እንዲቀጥል ፈቅዷል። «ተረፍኩ፣ ጋሼ» አለቻቸው፤ እሳቸውም ከደረታቸው ድንጋይ የተነሣ ያህል እፎይ አሉ።

ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ የማያውቁት ሰው መልስ ጽፎላቸዋል። እሱም ያው ችግር ገጥሞት እንደነበር፣ ፋይሉን ከፋፍሎ ሲያስገባ እንደተቃለለለት ይናገራል። ሞከሩት፤ ፋይሉ ገባ። ሲራገሙ ያጨበጨበላቸው ያ ሁሉ ሰው አንድም መላ አልነገራቸውም ነበር፤ ችግራቸውን በልኩ በተናገሩ ዕለት ግን የሚረዳቸው ተገኘ።