ሰባ አራተኛውን መምህር የመዘገቡት የጋሽ ቁጥሬ ዜና ሕይወት

ከቅርብም ከሩቅም ለዚህ ሽኝት የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ስለ ድካማችሁ ፈጣሪ ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። ወንበር ያላገኛችሁ ይቅር በሉን፤ እኛ ያዘጋጀነው ሁለት መቶ አርባ ነበር፤ ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ቢጠየቁ ኖሮ ግን ሦስት መቶ ስድሳ እንደሚያስፈልግ አስቀድመው በነገሩን ነበር። በመዝገብ የተጻፈ ሌላ ስም ቢኖራቸውም ሠራተኛውም ተማሪውም፣ ኋላ ኋላ ባለቤታቸውም ጭምር ጋሽ ቁጥሬ ይሏቸው ስለነበር፣ እኛም በዚሁ እንቀጥላለን።

ጋሽ ቁጥሬ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ጥልፍ ከሚሠሩ እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች ሦስተኛ ሆነው ተወለዱ። መቁጠር የለመዱት በአባታቸው ሱቅ ወለል ላይ የወደቁ የልብስ ቁልፎችን በመልቀም ሲሆን፣ ገና በአምስት ዓመታቸው አንድን ደንበኛ “ኮትህ ስድስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱን የት ጣልከው?” ብለው በሰው ፊት ስላሳፈሩት ሰውየው ዳግመኛ በዚያ ሱቅ ደጃፍ አላለፈም።

ትምህርት ቤት ገብተው በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ ማለትም በሃያ አራት መንፈቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አራተኛ ወጡ። ሽልማት የሚሰጠው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት በመሆኑ አንድም ቀን መድረክ ላይ አልቆሙም። እናታቸው በዚህ ተቆጥተው ርእሰ መምህሩን “ልጄ አልሰነፈም፤ እናንተ ናችሁ ሽልማቱን የቋጠራችሁ” ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት በጸሐፊነት ተቀጥረው፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ የዚያው መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኑ። ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም እዚያው ነው። እርሳቸው የተማሪዎችን ዝርዝር እያነበቡ፣ የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት የነበሩት ባለቤታቸው ይተይቡ ነበር፤ “እርስዎ ትንፋሽ እስኪሰበስቡ እኔ ሁለት መስመር አልፌያለሁ” እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ ጋሽ ቁጥሬ እንዲህ ያለውን ፍጥነት ሌላ መሥሪያ ቤት እንዳይወስድባቸው በማሰብ በሃያ ሰባት ዓመታቸው አገቧቸው። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ጋሽ ቁጥሬ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ዩኒቨርሲቲው ከዓለም መቶ ምርጥ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ እንዲሆን ከበላይ ተወሰነ። አሥራ ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ በመጀመሪያው ዓመት አርባ ስድስት ጊዜ ተሰብስቦ አንድ የግቢ በር አሠራ። በሩ አሥራ አንድ ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ተማሪው ግን በበሩ ሲገባ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስድስት መቶ እርምጃ ስለሚረዝምበት በአጥሩ ቀዳዳ መግባቱን አልተወም። በሁለተኛው ዓመት ከባሕር ማዶ አንድ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ተጋብዘው፣ ስማቸው በነሐስ ተቀርጾ በአንድ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ። ፕሮፌሰሩ አራት ቀን ቆይተው የሄዱ ሲሆን፣ ከአራቱ ሁለቱን ያሳለፉት የዚያ ቢሮ ቁልፍ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ ቆመው ነው።

በሦስተኛው ዓመት ደረጃ ከሚያወጣው ድርጅት ቅጽ መጣና፣ አንድ መምህር ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠየቀ። ተማሪው ስምንት ሺህ ሁለት መቶ፣ መምህሩ ሁለት መቶ በመሆኑ አንድ ለአርባ አንድ ነበር። ፕሬዝዳንቱ “ከሰላሳ ካልወረደ እንዳታሳዩኝ” ብለው ቅጹን መለሱት።

እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ ሟቹን አለማክበር ስለሚሆን እንናገራለን። ጋሽ ቁጥሬ፣ ለተማሪ አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር ያሳየ ሰው አስተማረ ሊባል ይችላል ብለው ራሳቸውን አሳምነው፣ የቧንቧ ሠራተኞችን፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ አጣቢዎችን፣ መጽሐፍ ጠራዦችንና የአውቶቡስ ሾፌሮችን ከመምህራን ዝርዝር ውስጥ ጻፉ። ሰባ ሦስት ሰው ጨምረው ቢያካፍሉት ሰላሳ ከምናምን ሆነ። ያቺን ምናምን ለማጥፋት አንድ ሰው ጎደለ። በመስኮት ቢመለከቱ አትክልተኛው ሣር ያጠጣሉ። ሰባ አራተኛ አድርገው መዘገቧቸውና፣ ሃያ ዘጠኝ ከዘጠኝ ዐሥረኛ በሆነው ቁጥር ሥር ፈረሙ።

ዩኒቨርሲቲው በጊዜያዊው ዝርዝር ዘጠና ስምንተኛ ወጣ ተብሎ ድግስ ተደገሰ። ድግሱ በተበላ በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ገምጋሚዎች ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ መጥተው በዕጣ የሚመርጧቸውን መምህራን ክፍል ገብተው እንደሚያዳምጡ የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ።

ጋሽ ቁጥሬ በሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ያለ ቦታው አንድ ፊርማ አኑረው አያውቁም ነበርና ምግብ አልዋጥ አላቸው። ባለቤታቸው ነገሩን ሰምተው፣ “ሰው ማስረጃውን ይዞ አገር ላገር የሚዞረው ያንተን ፊርማ አምኖ ነው። እሱ ከረከሰ የስንቱ ልጅ ወረቀት አብሮ እንደሚረክስ ቁጠረው እስቲ! ወይ የጻፍከውን እውነት አድርገው፣ ወይ ሰርዘው” አሏቸው። ጋሽ ቁጥሬ መጀመሪያ መሰረዙን መርጠው ወደ ፕሬዝዳንቱ ገቡ። “ጋሽ ቁጥሬ፣ ምን ነካዎት? አሁን ብንሰርዝ ከመቶዎቹ እንወጣለን እኮ!” ቢሏቸው፣ “መቼ ገባንና?” ብለው መለሱ፤ ሆኖም ሳይፈቀድላቸው ወጡ።

የቀረው እውነት ማድረግ ነበር። ሰባ አራቱን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ምን እንደሚያውቁ ጠየቁ። የቧንቧ ሠራተኞቹ፣ ቧንቧ በሥዕል እንጂ በእጃቸው ነክተው ለማያውቁ የምሕንድስና ተማሪዎች መፍታትና መግጠም ማሳየት ጀመሩ፤ ጠራዦቹም ሾፌሮቹም እንደየሙያቸው ተማሪ ተመደበላቸው። ወደ አትክልተኛው የሄዱት በመጨረሻ ነው።

“እንኳን ደስ አለዎት፣ መምህር ሆነዋል” አሏቸው።

“እኔ? ከመቼ ጀምሮ?”

“ከአምና ጀምሮ።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ቱቦ ስጎትት በመስኮት ዝም ብለው ያዩኝ ነበር? መምህር እንዲህ ነው የሚከበረው?” ካሉ በኋላ፣ “ጠመኔ አልይዝም። ዶማ ከሆነ ይሁን” ብለው ተስማሙ። ሰላሳ ስድስት የግብርና ተማሪዎችም ተሰጧቸው።

ገምጋሚዎቹ በቀጠሯቸው ቀን መጥተው ዕጣ ቢያወጡ፣ ከሁለት መቶ ሰባ አራቱ መካከል መጀመሪያ የወጣው የአትክልተኛው ስም ሆነ። ክፍሉ ሜዳ በመሆኑ ገምጋሚዎቹ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት፣ በአዲሱ በር ግራና ቀኝ ከተተከሉት አርባ ዛፎች ሃያ ሰባቱ ለምን ደረቁ የሚል ነበር። አንዷ ተማሪ የደረቀውን ቆፍራ ስታወጣ፣ ሥሩ ችግኙ በመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ እንደታጨቀ ተገኘ።

“ከነፕላስቲኩ ነው የተተከለው፤ ሥሩ ታፍኖ ሞተ” አለች ተማሪዋ።

“ጎበዝ ልጄ! እንዲህ አድርጎ የተከለው ማነው?” አሉ አትክልተኛው።

ልጅቱ ከዛፉ ሥር የቆመችውን ሰሌዳ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ የተጻፈው የክቡር ፕሬዝዳንቱ ስም ነበር። ተማሪው ሳቁን ሊውጥ ቢሞክርም አልቻለም፤ ገምጋሚዎቹም ነገሩ በአስተርጓሚ ዘግይቶ ስለደረሳቸው ሌላው ሲጨርስ እነርሱ ጀመሩ። ለሃያ ደቂቃ ብለው የተቀመጡት ሁለት ሰዓት ቆዩ።

በመጨረሻም ከገምጋሚዎቹ አንዷ፣ በሥራ ዘመናቸው ካዳመጧቸው ትምህርቶች ይህ ከምርጦቹ አንዱ መሆኑን ገልጸው፣ የመምህሩ የትምህርት ደረጃ ምን እንደሆነ መዝገቡን ይዘው የቆሙትን ጋሽ ቁጥሬን ጠየቁ። ፕሬዝዳንቱ ወደ ጋሽ ቁጥሬ ጆሮ ጠጋ ብለው “ዶክተር በሏቸው፣ በቃ አለፍን!” አሉ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የቀረችው፤ የሚያጣራም አልነበረም። ጋሽ ቁጥሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ “አትክልተኛ ናቸው። እንደርሳቸው ያሉ ሰባ አራት አሉ። በመምህርነት የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ፤ ፊርማውም ጥፋቱም የእኔ ነው። ትክክለኛው ቁጥር አንድ ለአርባ አንድ ነው” አሉ።

ዩኒቨርሲቲው በዚያ ዓመት ከዝርዝሩ ጨርሶ ተሰረዘ። ጋሽ ቁጥሬም ከኃላፊነት ተነሥተው፣ ጡረታ እስኪወጡ የቀራቸውን ሁለት ዓመት በምድር ቤት የአሮጌ ማኅደር ጠባቂ ሆነው አሳለፉ። ወደዚያ ለመውረድ አሥራ ስምንት ደረጃ አለው፤ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልተሰማም፤ ምግቡም ይዋጥላቸው ጀመር። የተግባር ትምህርቱ እንዲቀር በታዘዘ ጊዜ ግን አንድ ሺህ አራት መቶ ተማሪዎች ፈርመው ትእዛዙን ስላሻሩት፣ ከሰባ አራቱ ሃምሳ አንዱ ዛሬም የተግባር አሠልጣኝ በሚለው ትክክለኛ መጠሪያቸው ያስተምራሉ።

ጋሽ ቁጥሬ ባለፉት ሁለት ዓመታት በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ሆና፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድሮ ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ ሺህ አንድ መቶ አርባ ስድስተኛ መውጣቱን ብታነብላቸው፣ “ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ?” አሉ። መምህራኑ በመዝገብ ቤቱ አዲሷ ኃላፊ አንድ በአንድ መቆጠራቸውን ስትነግራቸው፣ “እንግዲያው መልካም ደረጃ ነው” ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ከትናንት በስቲያ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ጋሽ ቁጥሬ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና አራት ወንድሞችና እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። ባለቤታቸው ይህን ጽሑፍ ትናንት መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አንብበው፣ “ደግ፣ ትሑት፣ ታጋሽ” የሚለውን መስመር፣ ትዕግሥቱን እኔ አላየሁም ብለው አስወጥተውታል። በቀረው ላይ ግን ሳይጠየቁ ፈርመውበታል።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን።