ስለ ሊዲያ ሞት በሐሰት የሰጠሁትን ቃል ስለማረም

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ነጅሙዲን ሰዒድ ይመር
ዕድሜ፦ 54
የትውልድ ቦታ፦ ወሎ፣ ደሴ
ሥራ፦ በግና ፍየል አርቢ
አድራሻ፦ ሊንደን ክሪክ፣ ደቡብ ምሥራቅ ሚኒሶታ፤ ቤተሰቡ ሴንት ሉዊስ ፓርክ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ሴንት ፖል፣ ማክሰኞ ጁላይ 22 ቀን 2025፣ ከጠዋቱ 9፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሐብተማርያም እሸቴ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው እኔ ይህንን ቃል የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤ ነው። ሐሙስ ጁን 5 ቀን 2025 በሊንደን ክሪክ መንገድ ላይ አንድ ቫን የፈረስ ጋሪ ገጭቶ ወይዘሮ ሊዲያ ጊንገሪች በደረሰባት ጉዳት ሕይወቷ አልፏል። አደጋውን አይቻለሁ። በዕለቱ እዚያው መንገድ ዳር ለሸሪፍ ፖሊስ በእንግሊዝኛ ቃል ሰጥቼ ነበር። ያ ቃል ሐሰት ነው። አንድ ወዳጄ «እንግሊዝኛው ነው ያሳሳተኝ በል፣ ሚስአንደርስታንዲንግ ነው በል፣ ያልፋል» ብሎ መክሮኛል። እንግሊዝኛው አላሳሳተኝም፤ የተናገርኩትን አውቄ ነው የተናገርኩት። በኋላ ማንም ይህንን ምክንያት እንዳያነሳልኝ ስል በአማርኛ የሚጽፍልኝ ሰው ይሰጠኝ ብዬ ጠይቄ ወደዚህ መጥቻለሁ። ሰዓቱን የምጠቅሰው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ከሟችና ከአሽከርካሪው ጋር ያለኝን ግንኙነት መርማሪው ስለጠየቀኝ ከዚያ እጀምራለሁ።

በሚኒያፖሊስ አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ በ2019 ታክሲውን ትቼ ሊንደን ክሪክ ሃያ ኤከር መሬት ገዛሁ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል። በግና ፍየል አርብቼ ለኢድና ለሠርግ አቀርባለሁ። ባለቤቴ ሹክሪያ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ከልጃችን ጋር ሴንት ሉዊስ ፓርክ ትኖራለች፤ እረፍት ስትሆን ትመጣለች።

እዚያ ያሉት ጎረቤቶቼ አብዛኞቹ አሚሽ የሚባሉ የክርስትና እምነት ተከታዮች ናቸው። መኪና አይነዱም፣ ቤታቸው ኤሌክትሪክ አያስገቡም፣ የሚጓዙት በፈረስ ጋሪ ነው። መሬቱ ከእኔ መሬት ጋር የሚዋሰነው አሞስ ጊንገሪች ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሊዲያ ባለቤቱ ነበረች። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን የአጥር ቋሚ ስተክል አሞስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አንዱን ቋሚ በእጁ ነካ ሲያደርገው ተንጋደደ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ተመልሶ ሄደ፤ እኔም ቅር ብሎኝ ዋልኩ። በማግስቱ ከአማቹ ከሌቪ ጋር መቆፈሪያና መዶሻ ይዘው መጡ። የተከልኩትን ሁሉ ነቅለን እንደገና ስንተክል ዋልን። ሲጨርሱ ያለኝ «አሁን ይቆማል» ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እነሱ በጉልበት ያግዙኛል፣ እኔ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው ድራይቭ አደርግላቸዋለሁ። ከሐኪም ቤት የሚመጣላቸውን ወረቀት አሞስ ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ምን ይላል ይለኛል፤ እኔ ያልኩትን ይዞ ይሄዳል። ሊዲያ የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ከሰማች ከሳምንት በኋላ ባቄላ ሠርታ በድስት ይዛ መጣችና «ድስቱ አዲስ ነው። የአሳማ ስብ ነክቶት አያውቅም። ከእንግዲህ የአንተ ብቻ ነው» አለችኝ። ሹክሪያ ስትመጣ ሁለቱ አንዷ የሌላዋን የራስ መሸፈኛ እየነካካች ሲሳሳቁ ይውሉ ነበር። በስድስት ዓመት አንድ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።

አሽከርካሪው ፈዋዝ ኑሩ የእህቴ ልጅ ነው፤ እህቴ በሕይወት የለችም። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፕሊማውዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ በኢድ ሰሞን በጎቹን ወደ ከተማ በመውሰድ ያግዘኛል።

ጁን 5 የዐረፋ ዕለት ነበር፤ ኢዱ በማግስቱ ነው። ጾመኛ ነበርኩ። ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ለሚገኙ ደንበኞች የሚሄዱ አሥራ አንድ በጎች ለይቼ ከመንገዱ በላይ ባለው በረት አስገብቻለሁ። ፈዋዝ በ3 ሰዓት ቫን ይዞ ሊደርስ ነበር። 4 ሰዓት አለፈ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ደንበኞቹም ይደውሉብኛል። ሁለት ጊዜ ደወልኩለት፣ መንዳት ላይ ስለነበር አላነሳም። ከቀኑ 4፡50 ላይ ሦስተኛ ጊዜ ስደውል አነሳ።

«የት ደረስክ?» አልኩት።

«አጎቴ፣ እየመጣሁ ነው። ትራፊክ ይዞኝ ነው። ልደርስ ነው።»

«ሦስት ሰዓት አላልከኝም? ሰው እኮ እየጠበቀኝ ነው! ፍጠን እንጂ!»

«እሺ፣ እየፈጠንኩ ነው።»

ይህንን ስንነጋገር የቆምኩት በረቱ ጥግ፣ ኮረብታው ላይ ነው። ከዚያ ቦታ መንገዱ ዳገቱም ቁልቁለቱም ይታያል። አሞስና ሊዲያ የታመመች ዘመዳቸውን ጠይቀው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ጋሪያቸው ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ጀምሯል። የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከጋሪው ጀርባ የሚለጥፉት አንጸባራቂ ፕላስተር ፀሐይ መትቶት ሲያበራ እስከ እኔ ድረስ ይታየኝ ነበር። በወዲያኛው በኩል፣ ከኋላቸው፣ የፈዋዝ ነጭ ቫን ዳገቱን በፍጥነት ሲወጣ አየሁ። እኔ ሁለቱንም አያለሁ፤ እነሱ ግን አይተያዩም። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። «ጋሪ አለ፣ ቀስ በል» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። እኔ ያልኩት ግን «በጎቹ በሙቀት ሊያልቁብኝ ነው፣ አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ነው። ጋሪውን አይቶ ያልፈዋል ብዬ ገምቼ ነበር። አሚሾች ባሉበት መንገድ በዳገት ራስ ላይ ማንም መፍጠን እንደሌለበት እኔ አውቃለሁ፤ አሞስም ለደንበኞቼ ሁሉ እንድነግር ከአንድም ሁለት ጊዜ ለምኖኛል። ለፈዋዝ አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም።

ሲገጭ ድምፁን ሁለቴ ሰማሁት፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በስልኩ ውስጥ።

ሮጬ ወረድኩ። ፈረሱ ወድቆ ይንፈራገጣል። አሞስ ቦዩ ውስጥ ተዘርግቷል፤ ራሱ ይደማል፣ አይናገርም። ሊዲያ ጋሪው ስር ነበረች። ዓይኗ ተገልጦ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ትላለች። አልገባኝም። 911 ለመደወል መጀመሪያ ከፈዋዝ ጋር ያልተዘጋውን መስመር መዝጋት ነበረብኝ።

ፈዋዝ ከቫኑ ወርዶ መንገዱ መሃል ተቀምጧል። «አጎቴ፣ አለቀልኝ። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪውዬ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። አለቀልኝ» አለኝ።

«ዝም በል። እኔ አወራለሁ» አልኩት።

የሸሪፉ ፖሊስ አምቡላንሱን ተከትሎ ደረሰ። አይተሃል ወይ ሲለኝ አይቻለሁ አልኩት። ከአደጋው ቦታ አጠገብ ከአሞስ ማሳ የሚወጣ የእርሻ መንገድ አለ። «ጋሪው ከዚያ መንገድ ሳይቆም ወጣ። ልጁ ምንም ማድረግ አይችልም ነበር» አልኩ። ስልክ ያወራ እንደነበር ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩ። ፈዋዝ ዘመዴ መሆኑን አልደበቅኩም። ሆኖም ፖሊሱ እኔና አሞስ እንዴት እንደምንኖር ስለሚያውቅ፣ በአሞስ ላይ እዋሻለሁ ብሎ አልጠረጠረም። ስለ አደጋው ለፖሊሱ ያልኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ጋሪው ከእርሻው መንገድ አልወጣም። በዋናው መንገድ ላይ፣ በቀኝ ጠርዙ፣ ቀጥ ብሎ ይጓዝ ነበር። ፈዋዝ ከኋላ ነው የገጨው። ሲገጨው ስልክ ያወራ ነበር፤ የሚያወራውም ከእኔ ጋር ነው፤ የደወልኩትም እኔ ነኝ።

ሊዲያ ሮቸስተር ከተማ ሆስፒታል ተኝታ በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጁን 14፣ አረፈች። ሹክሪያ ሥራዋን እያስፈቀደች ሦስት ቀን አጠገቧ ውላለች። እኔ አንድ ቀን ብቻ ሄጄ ከበሩ ተመለስኩ።

ከቀብሩ በኋላ አሞስ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ወደ እኔ መጣ። ራሱን ስለተመታ የዕለቱን ነገር ምንም አያስታውስም ነበር።

«አንተ አይተሃል አሉኝ። ከእርሻው መንገድ ነው የወጣሁት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ቆሜ ግራ ቀኝ አላየሁም?»

«አልቆምክም።»

«ምናልባት በቆሎውን ላሳያት ገብቼ ይሆናል። ጥሩ በቅሎልን ነበር» አለ። ከዚያ «አንተ አልቆምክም ካልክ አልቆምኩም» ብሎኝ ሄደ። ለፖሊስ ከዋሸሁት ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው። ፖሊሱን ስዋሽ ደንግጬ ነበር። አሞስን ስዋሽ ግን ከዐሥር ቀን በላይ አስቤበታለሁ።

ረቡዕ ጁላይ 16 ከሰዓት በፊት ሌቪን የከብት መኖ መሸጫ ላደርሰው ይዤው ስሄድ፣ እሑድ ዕለት በሃይማኖት ጉባኤያቸው የሆነውን ነገረኝ። አሞስ በሰው ሁሉ ፊት ተንበርክኮ «ሚስቴን በቸልታዬ የገደልኳት እኔ ነኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሌቪ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም። መኪናውን ዳር አስይዤ ቆምኩ። «አመመህ?» አለኝ። መኖ መሸጫው አድርሼው ተመለስኩ። ማታ ለሹክሪያ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ «እስካሁን እንዴት በላህ? እንዴት ሰገድክ?» ብቻ ነው ያለችኝ።

በማግስቱ ፕሊማውዝ ሄጄ ፈዋዝን አነጋገርኩት። ወደ ፖሊስ እንደምሄድ ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣ።

«እኔ ዋሽልኝ ብዬህ ነበር?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ አላለኝም። አለቀልኝ ነው ያለው እንጂ ዋሽልኝ አላለም። በዚያን ሰዓት እኔ ዝም ብል ኖሮ፣ ምናልባት ራሱ እውነቱን ይናገር ነበር። ያንን ዕድል የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

«ኢንተርቪውውን አልፌ፣ ለዜግነቱ መማል ብቻ ነበር የቀረኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስልኩን የደወልከው አንተ እንደሆንክም ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያው ተናገር» ብሎ በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። መርማሪው ሲያነጋግረው፣ ልጁ ሰክሮ እንዳልነበረ፣ ከቦታው እንዳልሸሸ፣ ሊዲያን ለማውጣት ጋሪውን ከእኔ ጋር እንዳነሳ እንዲመዘገብለት እጠይቃለሁ።

ዓርብ ጁላይ 18 ከጁምዓ በኋላ አሞስ ቤት ሄድኩ። የወተት ዕቃ ያጥብ ነበር። ተቀመጥ ሲለኝ አልቀመጥም አልኩት። ቆሜ፣ አሁን እዚህ የተናገርኩትን በሙሉ ነገርኩት። ዕቃውን አስቀምጦ እጁን በሱሪው አደረቀ።

«ቀጥ ብዬ ነበር የምነዳው?» አለኝ።

«ቀጥ ብለህ።»

«ጠርዙን ይዤ?»

«ጠርዙን ይዘህ። ምንም አላጠፋህም።»

ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በቀብሩ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። ከዚያ ቀና አለ።

«ሊዲያ ምን ታደርግ ነበር?»

«ወደ አንተ ዞራ ታወራህ ነበር።»

«እየሳቀች?»

አዎ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ደስ እንደሚለው አውቃለሁ፤ የሚያስተባብለኝም ሰው የለም። «አሞስ፣ ከዚያ ርቀት ፊቷ አልታየኝም። አላውቅም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ፈዋዝን እሱ ራሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ይቅር እንዳለው፣ ጉባኤያቸውም ማንንም እንደማይከስ ነገረኝ። «አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ» አለኝ። ልሄድ ስል በሩ ድረስ ሸኘኝ። «ግን አሁን አትምጣ፣ ነጅሙዲን። ይቅር ብያለሁ፤ ፊትህን ማየት ግን ገና አልችልም። ስችል እኔ ራሴ እመጣለሁ» አለኝ። እስከ ዛሬ አልመጣም።

ቃሌ ተጽፎ ሲያልቅ መርማሪው በአማርኛ አንብቦልኛል። የጨመረብኝም የቀነሰብኝም ነገር የለም። ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ አስረድቶኛል፤ ጁን 5 ቀንም ይህንን አውቅ ነበር። የቀደመው ቃሌ ውድቅ ተደርጎ ይህኛው እንዲያዝልኝ፣ ከዚህ ቃል አንድ ግልባጭም በሚያነቡት ቋንቋ ተተርጉሞ ለአቶ አሞስ ጊንገሪችና ለጉባኤያቸው እንዲደርስ ጠይቄ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ነጅሙዲን ሰዒድ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሐብተማርያም እሸቴ
ቃሉ የተጠናቀቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 11፡55