ፊሽካውና የውሃ ጉድጓዱ

ጡረታ የወጣሁ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ሰው አፉን ሲከፍት የሚያመውን ቦታ መፈለግ ልማዴ ነው። አንድ የመከር ቅዳሜ የሕፃናት ኳስ ልመለከት ወደ ከተማችን ሜዳ ስወርድ ከጎረቤቴ ከላይል ሃልቮርሰን ጋር ተገጣጠምን። ላይል ኳስ አይወድም። የመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናቱን የምታጫውተውን የልጅ ልጁን ማረንን ከዳኝነት ሊያስወጣት ነበር። ማረን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትጨርሳለች፤ የምታመለክትበት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ አይቀበልም።

«ዛሬ የመጨረሻዋ ነው» አለኝ። «ለማመልከቻዋ በገንዘብ የቀጠርኩላት አማካሪ ቅዳሜን ማኅበር ትመሥርትበት ብሏል። በኅዳር፣ በምስጋና ቀን በዓል ትምህርት ሲዘጋ ሩቅ አገር ሄዳ የውሃ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ከዚያ ማመልከቻዋ ላይ ስለ እሱ ትጽፋለች።»

«ማረን አካፋ ይዛ ታውቃለች?»

«አካፋውን ሌላው ይይዛል! ዋናው ፎቶው ነው።»

አጠገባችን ብርድ ልብስ ጉልበቷ ላይ ጥላ የተቀመጠችው ኮሌት ዱፍሬን ሳቀች። ኮሌት የማረን የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ባለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ አንባቢ ነበረች።

«ይቅርታ ሚስተር ሃልቮርሰን፣ ጣልቃ ልግባ። ያንን ጉድጓድ ስንቴ አነበብኩት መሰለዎት! ሁሉም ቆፍሯል፣ ሁሉም ማኅበር መሥርቷል፣ ሁሉም ፕሬዚዳንት ነው። ተራ አባል የሆነ ልጅ ባገኝ ተነሥቼ ባጨበጨብኩ ነበር።»

«ቀልዱን ተይው የኔ ልጅ። ፊሽካ ነፋሁ የሚል ማመልከቻ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? የአማካሪው ልጆች እኮ ገብተዋል።»

«የገቡትን ይነግርዎታል። ሳይገቡ የቀሩትንስ ነግሮዎታል?»

ላይል መሬት መሬት አየ። «እናቷ ስትሞት ቃል ገብቼላታለሁ። ልጅሽ እዚያ ትማራለች ብያታለሁ።»

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ጉራ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ፍርሃት ኖሯል። አሳዘነኝ።

ኮሌትም ለዘብ አለች። «እኔ ደግሞ ቃል አልገባልዎትም፤ የሚመለሰው ይበዛል። ግን አንባቢው ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ አንድ እውነተኛ ሰው ነው የሚፈልገው። በራሷ ታሪክ ካመለከተች ቃለ መጠይቅ ላይ አትርበተበትም። ቢመልሷትም ቅዳሜዋ አብሯት ይኖራል፤ ሌላ ጥሩ ዩኒቨርሲቲም አታጣም። ለመሆኑ እዚህ ምን እንደምትሠራ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ይዩ።»

በዚያው ቅጽበት ማረን የጎል ፊሽካ ነፋች፤ ሕፃናቱም እየተቃቀፉ ወደቁ። እሷ ግን ወደ ግቡ ሄዳ መረቡን በእጇ ዳሰሰች፤ በጎኑ ተቀዷል። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ «ኳሱ የገባው በቀዳዳው ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጎሉ ተሰርዟል» አለች።

ቀይ ኮፍያ ያደረገ አንድ አባት ሜዳው ውስጥ ዘው አለ። «ዓይንሽን ታከሚ! ይቺን ሕፃን ማነው ዳኛ ያደረጋት?»

የማረን ጆሮዎች ቀሉ። «ከመስመሩ ውጭ ይሁኑልኝ፣ ጌታዬ» አለችው።

ላይል በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። «አንተ!» አለው ባለ ኮፍያውን፣ «ልጅቷ ተሳሳትኩ ብላ አረመች! አንተ መቼ ነው ተሳሳትኩ ብለህ የምታውቀው?»

ማረን እንደገና ነፋች። «አያቴ፣ አንተም ከመስመሩ ውጣ።»

ሁለቱም ወጡ። ላይል እያለከለከ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና እስከ ዕረፍት ዓይኑን ከማረን ላይ አልነቀለም።

በዕረፍት ማረን መጣች። አያቷ ለምን እንደመጣ ታውቃለች፤ ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችለት።

«ምን ላድርገው?» አለ ላይል። «መልሰሽ አጥልቂው። አማካሪውን ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ፤ ጉድጓዱም ይቅር። ስለዚያ ጎል ጻፊ።»

«ስለተሳሳትኩት?»

«አዎ። እኔን ማስወጣትሽንም እንዳትረሺ።»