የአስካለ ተለዋጭ ቀጠሮ

ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት፤ ቆዳን እያደረቀና እያጠነከረ የሚሄድ ስክሌሮደርማ የሚባል በሽታ የያዛት ቅመም ነጋዴዋ አስካለ፣ ትናንት ቤቷ ገብቶ መድኃኒቷን የወሰደባትን ታላቅ ወንድሟን ጠበቃ ማንደፍሮን ቢሮው ድረስ መጥታ ይዛዋለች።

አስካለ፦ መድኃኒቴን መልስ ብዬሃለሁ፣ ጋሼ። ቁጭ በይ አትበለኝ፤ ለመቀመጥ አልመጣሁም።

ማንደፍሮ፦ መድኃኒት ትይዋለሽ? ፋርማሲ ወስጄ አስነበብኩት። ኩላሊት ለተተከለለት ሰው የሚሰጥ ነው አሉኝ። የታመመው ቆዳሽ ነው፤ ኩላሊትሽን ማን ነካው?

አስካለ፦ ሌላስ ምን አሉህ?

ማንደፍሮ፦ ሌላውን ምን ሊያደርግልኝ እሰማለሁ? ጥዬ ወጣሁ።

አስካለ፦ እንዲህ ነህ! ግማሽ ምስክር ሰምተህ ፍርድ። ሰውነቴ የገዛ ራሱን እንደ ጠላት እየተዋጋ ነው፤ መድኃኒቱ ያንን ጠብ ያበርደዋል። ያ ኩላሊት የተተከለለትም የሚወስደው ሰውነቱ ከአዲሱ ኩላሊት ጋር እንዳይጣላበት ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሐኪም ወረቀት ላይ ሥላ ብታሳየኝ፣ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ገባኝ።

ማንደፍሮ፦ እሺ፣ ያድንሻል?

አስካለ፦ ያዘገየዋል።

ማንደፍሮ፦ ያዘገየዋል! እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ! ስድስት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ተመላልሰሽ ያመጣሽው ይኼን ነው? አንኮበር ያለው ሰውዬ በሰባት ቀን ከነሥሩ እነቅለዋለሁ ብሏል።

አስካለ፦ ያ የራሱን ሳል መንቀል ያቃተው? ባለፈው ቅጠል አሽቶ ቢቀባኝ ክንዴ ቆስሎ ሁለት ወር ከረመ። ቆዳ ነው የሚነቀል ወይስ ጎመን?

ማንደፍሮ፦ የቆሰለው ሳትጨርሺ ስላቋረጥሽ ነው።

አስካለ፦ የአብዬን ወደ እምዬ!

ማንደፍሮ፦ በማዘግየት የሚኮራ ሐኪም ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ወይ ያድኑ፣ ወይ አልቻልንም ይበሉ። ማዘግየት ደግሞ ሥራ ሆኖ!

አስካለ፦ ይኼን የምትለው አንተ ነህ? ሃያ ሁለት ዓመት ምን ስትሠራ ኖርክ? «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሬ ስለታመመ ተለዋጭ ቀጠሮ ይሰጠኝ።» የእነ ተሰማ የድንበር ክስ ሲጀመር የተወለደው ልጅ ዘንድሮ ሚስት አገባ!

ማንደፍሮ፦ እሱ ስልት ነው! ቀጠሮ በገፋሁ ቁጥር ደንበኛዬ ቤቱ ያድራል። አልተፈረደበትማ!

አስካለ፦ እኔስ ታዲያ? ሐኪሟ መሣሪያ አስነፍታኝ ሳንባዬን አይታዋለች፤ በሽታው ገና አልነካውም። እዚያ እንዳይደርስ ነው ቀጠሮ የምለምነው። ከመሞት መሰንበት። ለበግ ሌባ ቆመህ የምትለምነውን ለእህትህ ሲሆን ናቅኸው?

ማንደፍሮ፦ አስካለ፣ አፍሽን ሰብሰቢ!

አስካለ፦ አፌማ እየተሰበሰበ ነው። በሽታው እሱንም ይዞታል፤ ጉርሻ እንኳ እንደ ድሮው አይገባልኝም።

ማንደፍሮ፦ ክፉ አስቤ እኮ አይደለም። እሁድ ሳምንት ለልጄ ለአዜብ ሽማግሌ ይመጣል። ጣትሽን ያዩ እንደሆነስ? ቁምጥና ነው ብለው፣ ዘር ቆጥረው ቢመለሱስ? ሰውዬው ከዚያ በፊት…

አስካለ፦ አሃ! ሰባቱ ቀን የተቆጠረው ለእኔ አልነበረማ!

ማንደፍሮ፦ ለሁላችንም ብዬ ነው።

አስካለ፦ ለሁላችንም ይላል ደግሞ! ቁምጥና እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሐኪሟ ጽፋ፣ ማኅተም መትታ ሰጥታኛለች። አንተ የምታምነው ግን የራስህን ማኅተም ብቻ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አልሰማህም? አንተማ ብሰህ መድኃኒቱንም ደበቅኸው።

ማንደፍሮ፦ በቃ! እንደ ፍጥርጥርሽ። ያው መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እዚያው ላይ ተሰክቷል። ክፈቺና ውሰጂ፤ እኔ እጄን አላስገባበትም።

አስካለ፦ አልችልም።

ማንደፍሮ፦ ስትጮሂ አርፍደሽ አሁን ደግሞ ትግደረደሪያለሽ?

አስካለ፦ ጣቴ ቁልፍ አያዞርም፣ ጋሼ።

ማንደፍሮ፦ ምን? ከመቼ ጀምሮ?

አስካለ፦ ከካቻምና ፋሲካ። አንተ እጄን የምታየው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያውም ነጠላሽ ውስጥ ክተቺው ለማለት። በል ተነሥና አዙርልኝ፤ የጠዋቱን የምውጥበት ሰዓት አልፎብኛል።